ኩመሩ ጋ የሚከፈተው በር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው ያዝልኝ። ሸሕዲ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ኖሬአለሁ፣ የትራክተር ዲናሞ ፈትቼ ገጥሜአለሁ፣ ሽቦ ውስጥ ያለው ወይ ኤሌክትሪክ ነው ወይ ምንም ነው፣ ሦስተኛ ነገር አላውቅም። ቆላ ያደገ ሰው ሁሉ «በቀትር ዛፍ ሥር ብቻህን አትተኛ፣ የቀትር ጋኔን ይለክፍሃል» ሲባል ነው የሚያድገው፣ እኔ ግን እስቅ ነበር፣ እዚህ አገር ሰውን የሚለክፈው ወባ ነው እል ነበር፣ አሁንም ወባ ነው እላለሁ። ይህን የምነግርህ ፈርቼ እንዳይመስልህ፣ ተናድጄ ነው፣ ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው ንዴቴ አልበረደም፣ ከምናደድባቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነው። ከሽንፋ ወዲያ እርሻ ያለው አቶ ዘውዱ የሚባል ሰው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ ሱቄ በር ላይ መጣ፣ ሲመጣ አልሰማሁትም፣ ጎንበስ ብዬ ባትሪ እየለካሁ «ኡስታ ፈንቴ» የሚል ድምፅ ከጀርባዬ ሲወጣ ቴስተሩ ከእጄ ወደቀ። ኡስታ ሱዳኖች ባለሙያን የሚጠሩበት ነው፣ እዚህ ጠረፍ ላይ መካኒክ ሁሉ ኡስታ ነው። ዞር ብል ነጭ መኪና ከተረከዜ ሥር ቆማለች።

«የቀኝ የኋላ በሯ ራሱ ይከፈታል» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ጎንደር ሁለት ቦታ አሳየኋት። አንዱ የሪሞቱ ባትሪ ነው አለ፣ አንዱ ሶፍትዌር ነው አለ፣ ሁለቱም ቀጣፊዎች ናቸው። አንተም እንደነሱ ከሆንህ ከወዲሁ ንገረኝና ጊዜየን አትብላ።»

ንዴቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፣ ገና ሳልነካት ቀጣፊ ሆንኩ። ሥራዬን ያዝኩ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፣ የሪሞቱን ባትሪ ቀየርኩ፣ ከኮፈኑ ሥር ያለውን ትንሹን ባትሪ ለካሁ፣ በሮቹን የሚያዝዘው እሱ ነውና ሲደክም እንደዚህ ያለ እብደት ያመጣል፣ ግን ጤነኛ ነው። የበሩን ውስጠኛ ልባስ አወለቅኩ፣ በማጠፊያው በኩል የሚያልፉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ዳሰስኩ፣ ቁልፉ ውስጥ የገባውን አቧራ ጠራረግኩ፣ ከዚያ ስቆልፍ ስከፍት ስቆልፍ ስከፍት ዋልኩ። እመነኝ፣ አንዴም አልሳተም።

«የት ነው የሚከፈተው?» አልኩት።

«ሽንፋ መንገድ፣ ኩመሩ ጋ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ።»

«ሌላ ቦታስ?»

«ሌላ ቦታ አይከፈትም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቀበቶ እሰር እያለ ይጮሃል፣ ባዶ ወንበር ላይ።»

ኩመሩን የማያውቅ የሽንፋ መንገድ ሹፌር የለም። ሰፊ ጥላ ያለው ትልቅ የኩመር ዛፍ ነው፣ ከሥሩ ሁለት የሸክላ ጋኖች አሉ፣ ዚር እንላቸዋለን፣ ሐጂ እድሪስ የሚባሉ የሽንፋ ነጋዴ ለመንገደኛ ብለው ያስቀመጧቸው ናቸው። ልማዱ እንዲህ ነው፣ በዚያ የሚያልፍ ባለመኪና ይቆማል፣ ከጀሪካኑ ዚሩ ላይ ውሃ ይጨምራል፣ ጥላው ሥር የታመመ ካለም ጭኖ ሸሕዲ ሆስፒታል ያደርሳል፣ ሒሳብ የሚባል ነገር አይነሳም። ከደጋ ለአጨዳ የሚመጡት ሠራተኞች ከመካከላቸው አንዱ በወባ ሲወድቅ ተሸክመው እዚያ ያስተኙታል፣ ጋቢውን ያለብሱትና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ መኪና እንደሚያነሳው ያውቃሉና። እሱም ተኝቶ የሞተር ድምፅ ይጠብቃል፣ የጭነት መኪና ገና ከሩቅ ይሰማል፣ ደንገዝገዝ ያለውም ቢሆን ተነስቶ እጁን ለማውጣት ጊዜ አለው።

በማግስቱ ብልሽቱን በዓይኔ ላየው ብዬ አብሬው ወጣሁ። እሱ ይነዳል፣ እኔ የኋላው ወንበር ላይ በግራ በኩል ተቀምጫለሁ፣ የቀኙ በር ልባሱ ወልቋል፣ የቴስተሬን ሽቦዎች ቁልፉን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ላይ ሰክቼ ዓይኔን ቁጥሩ ላይ ተክያለሁ። ትእዛዝ ከመጣ ቁጥሩ ይዘላል፣ በቃ፣ ከየት እንደመጣ ተከትዬ እደርስበታለሁ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ኤሲው ይነፍሳል፣ ውጭው እሳት ነው፣ ውስጡ ደጋ ነው፣ የሞተር ድምፅ የሚባል የለም፣ አቶ ዘውዱ ስለ ሠራተኞቹ ስንፍና ያወራል። ኩመሩ ከሩቅ ታየኝ። ቁጥሩ ዜሮ ነው። ቀረብን፣ ዜሮ ነው። ከዛፉ ፊት ለፊት ስንደርስ ቴስተሬ ዜሮ እንዳለ በሩ ጠቅ አለ፣ ተከፈተ፣ የውጭው ግለት ፊቴን መታኝ።

አቶ ዘውዱ ፍሬን ያዘና «አየኸው? አየኸው?» እያለ ይጮሃል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከዛፉ ሥር፣ ከግንዱ ጥግ፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጋቢ አየሁ። ልብስ ነው አልኩ ለራሴ፣ ሠራተኛ የተወው ልብስ። ወርጄ ማየት ነበረብኝ፣ አሥር እርምጃ አይሞላም፣ አልወረድኩም፣ ያ ዜሮ አናዶኝ ነበርና ከቴስተሩ በቀር ምንም አልታየኝም። በሩን ጎትቼ ዘጋሁት። ወዲያው ዳሽቦርዱ ላይ የቀበቶው ምልክት በራ፣ ድው ድው ማለት ጀመረ፣ የቀኙ የኋላ ወንበር ሰው ተቀምጦበታል ነው የሚለው። በእጄ ዳሰስኩት፣ ምንም የለም። ብቻ ኤሲው በዚያ ሁሉ እየነፈሰ ወንበሩ ትኩሳት እንዳለው ገላ ይሞቅ ነበር። የፀሐይ ነው አልኩ፣ ፀሐይዋ ከጣሪያው አናት ላይ እንጂ በቀኙ መስኮት በኩል እንዳልነበረች ያሰብኩት ኋላ ነው።

ሽንፋ ስንደርስ ሐጂ እድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ አረፍን። ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጡልን።

«ዚሩን ሞላችሁት?» አሉኝ።

«ዛሬ አልቆምንም ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መኪና እየሞከርን ነው።»

«ሰውስ ነበረ?»

«ማንም የለም» አልኳቸው፣ ይህን በገዛ አፌ ነው ያልኩት። «የተጣለ ልብስ ነው ያየሁት።»

አቶ ዘውዱን አዩት። «አጨዳው የተጀመረ ሰሞን አንድ ሠራተኛ እዚያው ዛፍ ሥር ሞቶ ተገኘ፣ አላህ ይማረው። ጓደኞቹ ጧት አስተኝተውት ሄዱ፣ ማታ ሲመጡ እንዳስተኙት ነው። መንገዱ ላይ የዚያኑ ቀን የጎማ ዱካ አየን። መኪናማ አልፏል። ግን የሞተር ድምፅ ከሌለው ማን ይሰማዋል ልጄ? በሽተኛው ራሱን ቀና ሳያደርግ መኪናው አልፎታል።»

«እጁን ያወጣልኝ ሰው የለም» አለ አቶ ዘውዱ፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው። «እጁን ቢያወጣ እቆም ነበር።»

«የታመመ ሰው እጁን የሚያወጣው ሲሰማ ነው» አሉ ሐጂ። ስንነሳ ለዚሩ እንድንጨምር አንድ ጀሪካን ውሃ አስጫኑን።

መኪና ውስጥ ስንገባ «በሩ መከፈት የጀመረው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አጨዳው እንደተጀመረ» አለ፣ ቀጥሎም «ምን አገናኘው?» ብሎ ዓይኑን በመስታወት ውስጥ ወረወረብኝ። አላገናኘሁትም፣ እመነኝ፣ ያን ጊዜ ምንም አላገናኘሁም። እኔን የያዘኝ እልህ ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላሸነፈኝን ሽቦ አንድ በር ሊያሸንፈኝ ነው የሚል እልህ። የቁልፉን ሞተር ሶኬት ከነጭራሹ ነቀልኩት፣ አሁን በሩ ኤሌክትሪክ የሚባል አያገኝም። ያ አልበቃኝም፣ የቁልፉን ምላስ በጥቁር ማሰሪያ ሽቦ ሁለት ዙር ጠምጥሜ በፒንሳ አጠበቅኩት። አሁን ይከፈት አልኩ፣ እናያለን።

ኩመሩ ጋ ስንቃረብ «ዚሩን እንሙላ» ልል አፌን ከፈትኩ፣ አቶ ዘውዱ ግን ቀድሞኝ «ሙከራ ነው ብለሃል፣ አልቆምም» ብሎ ፍጥነት ጨመረ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራዬ ተሳክቶ ማየት ፈልጌ ዝም አልኩ። ጋቢው አሁንም አለ፣ ግን ስንሄድ ወደ ግንዱ የነበረው ጫፉ አሁን ወደ መንገዱ ዞሯል። አይቻለሁ። ነፋስ ነው አልኩ፣ ነፋስ የሚባል ግን አልነበረም፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር።

ያን ጊዜ ነው በሩ ጠቅ ያለው። ሶኬቱ እጄ ላይ ነው፣ በጣቶቼ ይዤዋለሁ፣ በሩ ግን ጠቅ አለ፣ ወደ ውጭ ገፋ፣ ሽቦው ተወጠረ፣ ደግሞ ገፋ። ቀኝ እግሬን ዘርግቼ ልባሱ የወለቀውን የበሩን ብረት ጠለፍኩ፣ ወደ ውስጥ ያዝኩና በጥርሴ መካከል «ጅብ ይብላህ፣ ዛሬስ አትከፈትም» አልኩት። ለበሩ ነው ያልኩት። ኩመሩን አለፍነው፣ በሩም ተወኝ። የጫንነው ውሃ እንደተጫነ ነው።

የቀበቶው ጩኸት ግን አልተወንም። አቶ ዘውዱ ዝም አሰኘው እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ታውቀዋለህ፣ ባዶ ወንበር ሲጮህ ቀበቶውን ስበህ ባዶውን ትቆልፈዋለህ፣ ዝም ይላል። ሳብኩት። አልደርስ አለኝ፣ ባዶ ወንበር ላይ ያን ያህል መሳብ የለበትም፣ እየሳብኩ እየሳብኩ ከብዙ በኋላ ነው ጫፉ የገባው፣ ሲቆለፍም ወንበሩ ላይ አልተኛም፣ ከፍ ብሎ ነው የቀረው። ጩኸቱ ቆመ። ሸሕዲ ገብተን በሆስፒታሉ በር ስናልፍ የውስጠኛው የበር እጀታ ብቻውን ሦስት ጊዜ ተነሳ ወደቀ፣ ማንም ሳይነካው፣ መውረድ የሚፈልግ ሰው እንደሚያደርገው። እኔ ወደ ውጭ ማየት መረጥኩ።

አቶ ዘውዱ ሱቄ በር ላይ አቁሞ የበሩን ልባስ ሲያስገጥመኝ ፊቱ በርቷል። «ይኸው ተሠራች። እነዚያ የጎንደር ቀጣፊዎች ይህችን ማድረግ አቅቷቸው ነው?»

«አልተሠራችም፣ ታሠረች እንጅ። ነገ አምጣትና ፈትቼ ከሥሩ ልየው።»

«የምን መፍታት ነው፣ እኔ የፈለግሁት ይኸንን ነው» አለና ያንኑ ዕለት ወደ ጎንደር ወጣ።

በማግስቱ ጧት ሐጂ እድሪስ ሱቄ መጡ፣ ሌላ ጊዜ እሳቸው ዘንድ የምንሄደው እኛ ነን እንጂ እሳቸው ወደ ሰው አይመጡም። አልተቀመጡም። «ልብስ ነው ያልኸኝ ሰው ነበር» አሉኝ። ማታ ላይ ሰሊጥ የጫነ መኪና ኩመሩ ጋ ሲደርስ ሹፌሩ እንደ ልማዱ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ፣ ጋቢው ተንቀሳቀሰ። ሐጂም በዚያው መኪና ነበሩ፣ ተሸክመው ሆስፒታል አገቡት፣ ጥቂት ቢዘገይ አይተርፍም ነበር አሉኝ። ምን ልበልህ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፣ በአቶ ዘውዱ ተናደድኩ፣ ያን መኪና ለቆላ ይስማማል ብሎ በሸጠለት ሰው ተናደድኩ፣ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፣ ያልወረድኩት እኔ ነኝ።

ብርቱካን ገዝቼ ከሐጂ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ሰውየው ማናለ ይባላል፣ ከጎጃም የመጣ፣ አርባ ዓመት የተሻገረ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ሰው ነው፣ ጉሉኮስ ተሰክቶለታል። ስገባ ፊቴን አላየም፣ እግሬን ነው ያየው፣ ቀኝ እግሬን።

«አንተ ነህ» አለ።

«የት ታውቀዋለህ?» አሉት ሐጂ።

«በሩን በእግሩ የያዘብን እሱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ፣ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ወንድም ዓለም፣ ጅብ ይብላህ ያልኸው እኔን ነበር ወይ?»

እመነኝ፣ ያ ቃል ከጥርሴ አላለፈም ነበር፣ መስኮቱ ዝግ ነበር፣ አቶ ዘውዱ እንኳ አልሰማውም። ቁጭ አልኩ። «በሩን ነው» አልኩት። «ይቅር በለኝ። አንተ ከመኪናው ውስጥ ምን አገባህ? ዛፉ ሥር አልነበርህም እንዴ?»

«እንጃ። ስትሄዱ በሩ ተከፈተ፣ ና አለኝ፣ እግሬ እምቢ አለ። ስትመለሱ ገባሁ። በተከፈተች ቀጭን ቀዳዳ ነው የገባሁት፣ አንተ ልትዘጋ ትስባለህ እሱ ከፍቶ ይይዝልኛል። በኋላ ሆስፒታሉ ጋ እንወርዳለን ብለን እጀታውን ብናነሳው ብናነሳው አልከፈት አለ፣ አስረኸዋል። ከዚያ ጡሩምባ ሰማሁ፣ ዓይኔን ብገልጥ ኩመሩ ሥር ነኝ።»

«ማነው ና ያለህ?»

«ቀድሞኝ የገባው ነዋ። አጨዳው ሲጀመር ጀምሮ እዚያው ነኝ ነው ያለኝ፣ ለሚታመመው ሁሉ በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እሱ ነው። ቀበቶውንም እኮ በሁለታችን ላይ ነው ያሰርኸው።» ትንሽ አረፈ፣ ውሃ ሰጠነው፣ ጠጣ። «እኔስ ጡሩምባ ተነፋልኝ፣ የምነቃበት ገላ ነበረኝ። እሱ ወረደ ወይ? ፈታኸው?»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። 

በወባ የነደደ ሰው ብዙ ያያል፣ ሐኪሙም ይህንኑ ነው ያለኝ፣ እኔም ለራሴ ስንት ቀን ይህንኑ ነግሬአለሁ። ግን ሽቦውን፣ እግሬን፣ ቀበቶውን፣ ያንን ክፉ ቃል ከየት አመጣው? ንገረኝ እስቲ። ማናለ ድኖ አገሩ ገባ፣ ስሰናበተውም የጠየቀኝ ያንኑ ነው፣ ፈታኸው ወይ አለኝ።

አቶ ዘውዱ ዘንድ ስንት ጊዜ ደወልኩ መሰለህ። ሲያነሳልኝ «ሸጥኋት» አለኝ።

«ለማን?»

«ለደላላ። ጎንደር ታክሲ ትሠራለች ሲሉ ሰማሁ።»

«ሽቦዋን ፈታህላት? የኋላውን ቀበቶስ?»

«ፈንቴ፣ ጤና የለህም። አንድ የተሠራ ነገር ቢኖራት እሱ ነው፣ እሱን ነው የምፈታው?» ብሎ ዘጋብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። የሚሞት ሰው አልፎ የሄደው በሰላም ይተኛል፣ እኔ አልተኛም፣ ንዴቴ ይኸ ነው። ጎንደር ሁለት ጊዜ ወጥቼ በየመናኸሪያው ነጭ መኪና ስከፍት ሹፌሮች ሌባ ብለው ሊደበድቡኝ ነበር፣ አላገኘኋትም።

ስለዚህ ለአንተ ነገርኩህ። ምናልባት አንድ ቀን ጎንደር ነጭ የኤሌክትሪክ ታክሲ ትሳፈር ይሆናል፣ ሹፌሩም «በግራ ግባ፣ የቀኙ በር አይከፈትም» ይልህ ይሆናል፣ ባዶው ወንበር ላይም ቀበቶ ተቆልፎ፣ ወንበሩ ላይ ሳይተኛ ከፍ ብሎ ታየው ይሆናል። ሹፌሩ ቢቆጣህም ተወው፣ መጀመሪያ ቀበቶውን ፍታ፣ ከዚያ የበሩን ልባስ ከታች በኩል ግለጠው፣ ጥቁር ሽቦ ታገኛለህ፣ ሁለት ዙር ነው፣ በፒንሳ ቁረጠው። በሩን ስትከፍተው ግን ቶሎ አትዝጋው፣ ትንሽ ቆይለት።